ሶኬቱን ማን ይዟል?

ዓብዱልሀሚድ ዘንድ ቴሌቪዥን ያሠራ የካዛንቺስ ሰው ሁሉ፣ በሕይወቱ አንድ ቀን ሶኬት ታቅፎ ተቀምጧል። የቤቱ ደንብ ነው። ዕቃህን ተሸክመህ ወደ ሱቁ ትገባለህ። ሱቅ ስንል እንግዲህ፣ ሦስት ሰው ከገባ አንዱ ለማስነጠስ ወደ ውጭ መውጣት ያለበት የቆርቆሮ ክፍል ነው። እሱ ቴሌቪዥንህን ጠረጴዛው ላይ ጀርባውን ያዞርና የገመዱን ጫፍ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ አንስቶ ጭንህ ላይ ያስቀምጥልሃል።

«እኔ እስክጨርስ ከእጅህ እንዳይወጣ» ይልሃል።

ከዚያ በኋላ ዳኛ ሁን፣ ኮሎኔል ሁን፣ ስልክህ ይጩህ፣ ሽንትህ ይምጣ፣ ሶኬቱን ይዘህ ትቀመጣለህ።

ጎን ለጎን ካፌ ያለው ቴዎ በዚህ ነገር ሳይስቅ የዋለበት ቀን የለም።

«ጋሽ ዓብዱ! ያ ሰውዬ ምን አጥፍቶ ነው ታስሮ የሚውለው? ዋስ ልሁነው እንዴ?»

«ነፍሴን ነው የያዘልኝ» ይላል ዓብዱልሀሚድ፣ ከቴሌቪዥኑ ሆድ ውስጥ ቀና ሳይል። «አንተ ማኪያቶህን ጠብቅ፤ ገንፍሏል።»

ነፍሴን ማለቱ ማጋነን አልነበረም። ማጋነን የሰፈሩ ሥራ ነው። በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ እጁ ገና ለሙያው እንግዳ ሳለ፣ ከቀደመው ቀን ጀምሮ ከግድግዳ ተነቅሎ የዋለና ያደረ ባለ ሃያ አንድ ኢንች ቴሌቪዥን ከፈተ። ተነቅሏል፣ ስለዚህ ሞቷል ብሎ። ቴሌቪዥን ግን እንደ ግመል ነው፤ የጠጣውን ያቆያል። በስክሪኑ ጀርባ እንደ ቆብ የተለጠፈች አንዲት ጎማ አለች፤ ከሥሯ ጣቱን ሰደደ።

የሆነውን እሱ ራሱ አያስታውስም፤ ሰፈሩ ግን ያስታውስለታል። ቴዎ ሲተርከው፣ ሰውየው ከበርጩማው ተነሥቶ፣ በበሩ ወጥቶ፣ በሁለት ደንበኞች ራስ ላይ አንድ ጠብታ ቡና ሳያስደፋ አልፎ፣ ወደ ኦሎምፒያ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ ወያላውም ሳያፍር ሒሳብ ጠየቀው። ኮፍያው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሰንጋ ተራ አይተነዋል የሚሉ አሉ።

እውነቱ አጭር ነው። ግድግዳው ሥር ተዘርግቶ፣ ምላሱ ላይ የመዳብ ጣዕም እየመጠጠ፣ ዓይኑን ሳይከድን ሕልም አየ። ሰማያዊ ከተማ ነበር። መንገዱ ሁሉ ብርሃን፣ ቤቱ ሁሉ እንደ ንብ ቀፎ የሚያንጎራጉር፣ ሰው ግን አንድም የሌለበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንኛውንም ቴሌቪዥን ጀርባ ሲከፍትና የሞቀ አቧራ ሽታ ሲያውደው ያ ከተማ ይመጣበታል። አረንጓዴው ሰሌዳ ሰፈር ይሆናል፤ የብየዳ ነጠብጣቦቹ የቆርቆሮ ጣሪያ፤ ቆመው የሚታዩት ድቡልቡል ጥቋቁር ዕቃዎች የደምበል አካባቢ ፎቆች። ካቻቢቴውን ይዞ በዚያ ሰፈር ቀስ እያለ ይራመዳል፤ የተቃጠለ ቤት ይፈልጋል፣ የተሰነጠቀ መንገድ ይፈልጋል። ስሙን ጠርተህ መልስ የምታገኘው በሦስተኛው ነው።

ሚስቱ ራሂማ ይህንን ከተማ አታውቀውም። ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ምን ብሎ ይነግራል? እሷ የምታውቀው ያን ቀን በሁለት ሰው ተደግፎ መግባቱን ነው። አስተኝታው፣ አጥሚት አጠጥታው፣ በሦስተኛው ቀን ፍርዷን ሰጠች።

«ስማኝ ዓብዱ። ዳግመኛ እንደዚህ ከገባህብኝ ሱቁን ትዘጋለህ። ወንድሜ ዓብዱልሀኪም መርካቶ ጨርቅ ቤት ቦታ አለው። ሜትር ይዘህ ጨርቅ ትለካለህ። ጨርቅ ሰው ገድሎ አያውቅም፤ ወላሂ!»

ዓብዱልሀሚድ አልተከራከረም። ግን ሌሊት ሌሊት ማለቂያ የሌለው ጨርቅ ሲለካ ያድራል፤ ጨርቁ አያንጎራጉር፣ ውስጡ መንገድ የለው፣ ይለካል ይለካል። ሥራውን ከነሕልሙ ለማዳን ሲል ብቻ በሰፈሩ ታይቶ የማይታወቅ ጠንቃቃ ሆነ። ቀለበቱንና ሰዓቱን ሥራ ሲጀምር ምስማር ላይ ይሰቅላል። እግሩ ከጎማ ጫማ ወጥቶ አያውቅም፤ ለዒድ ሙሉ ሱፍ ለብሶ ከሥር ያንኑ የጎማ ጫማ አድርጎ ሲወጣ ያላየው የለም። ካቻቢቴውን በሽቦ ከቴሌቪዥኑ ብረት ጋር አስሮ ጫፉን በዚያች ጎማ ቆብ ሥር ይሰዳል፤ «ጧ!» ይላል፤ የታመቀው ወጣ። ይህን «ማስተንፈስ» ይለዋል። ግራ እጁ ደግሞ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ነው። ቴዎ ኪሱ ውስጥ ክታብ አለ ብሎ አስወርቶበታል። ነገሩ ሌላ ነው፦ በአንዱ እጅ የገባ ኤሌክትሪክ በሌላኛው ሊወጣ ሲል ልብን አቋርጦ ነው የሚሄደው፤ አንዱን እጅ ኪስህ ከከተትከው መንገዱን ዘጋህበት ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ያቺ ሶኬት ነበረች። ራሱን ያውቃል። በሕልሙ ከተማ ውስጥ ሲጠፋ ማን እንደሰካ፣ ማን እንደነቀለ አያይም። ስለዚህ ሶኬቱን የነቃ ሰው ይያዘው።

ማታ ቤት ሲገባ ራሂማ በሩ ላይ ትቆማለች።

«አሳየኝ።»

አሥር ጣቱን ይዘረጋል። እንደ ቲማቲም እያገላበጠች ታያቸዋለች። ጥቁር ነጥብ ከሌለ እራት ይቀርባል። አሥራ ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ከዚያ የፈረቃው ዘመን መጣ። ሁለት ሺህ ሁለት አካባቢ፣ መብራት በተራ የነበረበት ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ የሰፈሩን ተራ ከልደቱ ቀን አብልጦ ያውቅ ነበር። ሠርግ በፈረቃ ተቆረጠ፤ ልብስ በፈረቃ ተተኮሰ፤ የፈረቃ ኩርፊያ የሚያኮርፉ ባልና ሚስት ነበሩ ይባላል፤ ሲጨልም የሚታረቁ።

በአንዱ ማክሰኞ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ላኩበት። ጡረታ የወጡ ታይፒስት ናቸው፤ ከቴዎ ካፌ ጀርባ ባለው ግቢ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቴሌቪዥናቸው ወደ ሱቅ አይመጣም፤ አናጺው ቡፌውን የሠራው በቴሌቪዥኑ ዙሪያ ስለሆነ፣ ማውጣት ማለት ቡፌውን ማፍረስ ነው። ቴሌቪዥኑ መዞር ብቻ ይችላል።

«ዓብዱዬ፣ ሰዉ ሁሉ ክር ሆነብኝ እኮ» አሉ ገና ሲገባ። «ዜና አንባቢው ክር፣ ሚኒስትሩ ክር፣ ኳስ ተጫዋቹ ክር! ድምፃቸው አለ፤ እነሱ ግን አንድ ቀጭን ነጭ መስመር ላይ ተጨፍልቀው አለቁ።»

«ስንጥቅ ነው እትዬ። ውስጡ አንድ ቦታ ብየዳው ተሰንጥቋል።»

«በል እንግዲህ መብራት ሳይመጣ ጨርስልኝ። ዛሬ የእኛ ተራ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ሲመጣ ሁሉም ነገር አንድ ላይ እንዲመጣልኝ ነው የምወደው።»

ይህ የእሳቸው ነገር ነበር። መብራት ሲሄድ አንድም ነገር አይነቅሉም፣ አያጠፉም፤ ሬዲዮው፣ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሁሉም እንደተሰካና እንደተከፈተ መብራቱን ይጠብቃል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከቡፌው ጀርባ የቤቱ ዕቃ ሁሉ የተሰካበት አንድ ማከፋፈያ አለ፤ ገመዶቹ እንደ እባብ ጉባኤ ተጠላልፈዋል። ዓብዱልሀሚድ ጎንበስ ሊል ሲል ወይዘሮ ሸዋአየሁ ቀደሙት።

«አንተ ወገብህን አትሰብር፤ የቤቴን ጓዳ እኔ አውቀዋለሁ።» በዳበሳ አንዱን ጎትተው አወጡና ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ሶኬቱን ጭናቸው ላይ አድርገው በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት። «ይኸው ታቀፍኩት። ሥራ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ገመዱን በዓይኑ ይከተል ነበር። ግን መብራት የለም፤ እስከ አሥራ ሁለት አይመጣም፤ መላው ካዛንቺስ ተኝቷል። ፈረቃው ራሱ ሶኬቱን የያዘለት መሰለው። ቀለበቱን ፈታ፣ ጀርባውን ከፈተ፣ አስተነፈሰ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ገባ።

ከተማው ያን ቀን ልዩ ነበር። በመስኮት የገባው የከሰዓት ፀሐይ አቧራው ላይ አርፎ ጣሪያውን ሁሉ ወርቅ ቀብቶታል። ቀኝ እጁ እንደ እንግዳ ሰው በመንደሩ ውስጥ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከፎቆቹ ሥር፣ ገመዱ ከውጭ በሚገባበት በኩል፣ ወደ አንዲት የተሰነጠቀች ነጠብጣብ። ከሩቅ ጩኸት ሰማ።

«መጣ!»

ከኦሎምፒያ በኩል ነው፤ መብራት ሲመጣ ልጆች የሚጮኹት። የእነሱ ተራ ይሆናል አለ በሕልሙ፤ መራመዱን ቀጠለ።

«መጣ! መጣ!»

አሁን ከታክሲ ተራው ነው። ጩኸቱ ከሰፈር ሰፈር እየዘለለ እንደ ዝናብ ይቀርባል። ዓብዱልሀሚድ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ራሱን ወደ ሶፋው አዞረ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸዋል። ነጠላው ተንሸራቶ ሶኬቱ ይታያል። ወፍራም ነው። ክብ ነው። የቴሌቪዥን ሶኬት ቀጭንና ጠፍጣፋ ነው፤ እንዲህ ወፍሮ አያውቅም።

የያዙት የፍሪጁን ነው።

እጁን እንዴት እንዳወጣ አያውቅም። አወጣው፤ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ወለሉ ላይ በቂጡ ወደቀ።

«መጣ!» አለ ግቢው ሁሉ።

አምፖሉ በራ። ሬዲዮው በከፍተኛ ድምፅ ንግግሩን ካቆመበት ቀጠለ። ጀርባው የተከፈተው ቴሌቪዥን «ዥው» ብሎ ነቃ፤ ከተማው ውስጥ፣ እጁ አሁን በነበረበት ቦታ፣ ማንጎራጎር ጀመረ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ብንን አሉ፤ ቴሌቪዥኑን ሳይሆን ጓዳውን አዳመጡ።

«ውይ! ፍሪጄ ምነው ዝም አለ?»

ዓብዱልሀሚድ ተነሥቶ ቀጭኑን ሶኬት ፈልጎ ነቀለ፤ ወፍራሙን ሰካላቸው። «ነገ እመለሳለሁ እትዬ» ብሎ ወጣ። ቴዎ ከካፌው በር «ኢንጂነር፣ ዛሬ ደግሞ ምነው ነጣህ?» ቢለው አልሰማውም፤ ሦስት ጊዜ ቢጠራውም አልሰማውም።

በሩ ላይ ራሂማ ቆማለች።

«አሳየኝ።»

ዘረጋ። አገላበጠች።

«አልሐምዱሊላህ፤ ንጹሕ።» ወደ ጓዳ ልትመለስ ስትል እጁን እንደዘረጋ መቆሙን አየች። «ምነው? አሥራ አንደኛ አለህ እንዴ?»

ዝም ቢል ያልፋል። ጣቱ አልተቃጠለም፤ ምስክሩ ቢኖር የፍሪጅ ሶኬት ነው። የጨርቁ ጥቅልል ግን በዓይኑ መጣ፣ ከጨርቁም አልፎ ያ የሚያንጎራጉር ቦታ፣ እጁ የነበረበት። ከፊቷ መዋሸት ሁለተኛ እጅን ከኪስ እንደማውጣት ሆነበት።

«ራሂማ፣ ዛሬ የያዙልኝ የሌላ ዕቃ ሶኬት ነበር።»

ሁሉንም ነገራት። ስትሰማ ቆይታ «የእሳቸውን ተወው» አለች። «ያንተን ሶኬት ማን ይዞ ነበር?»

«ፈረቃው እስከ አሥራ ሁለት...»

«ፈረቃው እጅ አለው? ማን ይዞ ነበር?»

«ማንም።»

ወደ ጓዳ ገባች። ያን ሌሊት ስንት ሺህ ሜትር ጨርቅ እንደለካ አላህ ይወቅ። ጠዋት ሲነሣ ሻሿን አስራ፣ ጫማዋን አድርጋ ጠበቀችው። መርካቶ ወንድሟ ጋ ልትወስደኝ ነው አለ በልቡ።

«ወደ ዓብዱልሀኪም ነው?»

«ዓብዱልሀኪም ይቆይ። አሥራ ሦስት ዓመት የፈራሁትን ነገር መጀመሪያ በዓይኔ ልየው።»

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ቤት ገብታ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገመዱን ያዘች። እንደ መቁጠሪያ በጣቶቿ መሐል እያሳለፈች፣ ቡፌው ሥር ተንበርክካ፣ ሸረሪት ድር ለብሳ፣ እስከ ጫፉ ተከተለችው። ቀጭኑን ነቅላ ወጣችና ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«በል አሁን ክፈተው።»

ከፈተው። ሲያስተነፍሰው «ጧ!» አለ፤ ራሂማ ከሶፋው አንድ ክንድ ዘለለች፤ ሶኬቱ ግን ከእጇ አልወጣም።

«ያ ረቢ! ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ቀስ ብላ ተነሥታ በትከሻው ላይ ወደ ውስጥ አየች። የጠዋት ፀሐይ በበሩ ገብቶ አቧራው ላይ አርፏል። አንገቷን አሰገገች።

«ከተማ ይመስላል» አለች።

ዓብዱልሀሚድ ካቻቢቴውን ከእጁ ሊጥል ደረሰ። ጀርባውን እንደሰጣት «ምን ታያለሽ?» አላት።

«ቤት አለ። መንገድ አለ። መብራቱ ግን ጠፍቷል።»

«ሶኬቱ አንቺ ጋ ነዋ» አላት።

ራሂማ ወደ ሶፋው ተመለሰች፤ ሶኬቱን በሁለት እጇ ጨበጠችው። እሱ ግራ እጁን ኪሱ ከተተና ወደ ተሰነጠቀችው ነጠብጣብ መንገድ ጀመረ።