በረንዳ ላይ የተለጠፈው የይለፍ ቃል

ዛሬ ጠዋት የቢሯችን ኮምፒውተሮች በሙሉ ተቆለፉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኔ ከሥራ ታገድኩ።

ንፋስ መውጫ፣ አንድ የእህል ንግድ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ኢንተርኔት ይግባ ብዬ የወተወትኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። የባሕር ዳርን የስንዴ ዋጋ ለመስማት ሹፌር መጠበቅ የቀረው በዚያ ነው።

እንግዶች ግን ከቢሮው ኮምፒውተሮች በተለየ የዋይፋይ መስመር ይግቡ ብዬ ለምኜ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሳቁብኝ።

«እንግዳ በጓሮ በር ይገባል እንዴ ልጄ? ነውር ነው!» አሉና የቢሮውን ዋይፋይ የይለፍ ቃል በትልቁ አስጽፈው በረንዳ ላይ ለጠፉት። በገበያ ቀን አህያውን ያሰረ ሁሉ በእኛ መስመር ፊልም ያወርድ ነበር።

ዛሬ በዚያው መስመር የገባ ሌባ ፋይሎቻችንን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ።

«ይህን ጣጣ ያመጣሽብን አንቺ ነሽ» አሉኝ ሥራ አስኪያጁ።

«በሩን ያስገጠምኩ እኔ፣ ቁልፉን ለአላፊ አግዳሚ ያደሉት እርስዎ» አልኳቸው።

«ሴት ልጅ እንዲህ አትመልስም!»

የቴክኒክ ምርመራው በዚህ ተጠናቀቀ።

ይቅርታ ጠይቂና ተመለሺ ተብያለሁ። እንጀራዬ ቢሆንም አልጠይቅም።

መክራችሁ የተሳቀባችሁ፣ ኋላም ጥፋተኛ የተባላችሁ ስንት ናችሁ? እስቲ ከታች ጻፉት፤ አለቆቻችንም ያንብቡት።