የአክስቴ የጾም ድስት

«ይኼ ድስት ቅቤ ነክቶት ከሆነ ፊት ለፊት ንገሪኝ። እናንተ ጴንጤዎች እንደሆነ ሑዳዴ አታውቁም» አሉኝ ጎረቤታችን እማማ የሺ። ጫጫ ከተማ ላይ አክስቴን ብርቄን ቀብረን መመለሳችን ነበር። የእድሩ ሰው እጁን ታጥቦ፣ መጾሚያው ሰዓትም አልፎ፣ በእሷ ድስት የቀቀልኩትን ንፍሮ ቆሞ ያያል እንጂ የሚዘግን የለም።

የስንዴው ሽታ ልጅነቴን አመጣብኝ። አክስቴ እሁድ ማለዳ የጸሎት ቤታችንን ወለል ጠርጋ ስትመለስ ይህንን ድስት ለብቻው በአመድ ትፈትገው ነበር። አንድ ቀን ወተት ላፈላበት ሳነሳው እጄን መታችኝ።

«ተይ፣ እሱ የጾም ነው!»

«አንቺ መች ትጾሚያለሽና?»

«ለሚቀብሩኝ ሰዎች ነው» አለችና መዝሙሯን ቀጠለች። ቀባሪና ድስት ምን እንደሚያገናኛቸው አልገባኝም።

«ቅቤ ነክቶት አያውቅም» አልኳቸው እማማ የሺን። «ለእናንተ ብላ ነው ለብቻ ያስቀመጠችው።»

እማማ የሺ ጎንበስ ብለው ድስቱን አሸተቱት። ከዚያ እፍኝ ሙሉ ዘግነው እየቃሙ ወደ ድንኳኑ ዞሩና፣ «ብሉ እንጂ! ምን ታፈጣላችሁ?» ብለው ጮኹ።

ድስቱ ባዶ ሲሆን አጥቤ ለእማማ የሺ ሰጠኋቸው፤ ቦርሳዬን አንስቼም የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ልይዝ ወጣሁ።