ሴንሰሯን ልናስገጥም ቡሬ የሄድን ዕለት

ከፍኖተ ሰላም የተነሳነው ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የሚነዳው ልጄ ይልቃል ነው፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ በነጠላ የተጠቀለለች ትንሽ ካርቶን ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ካርቶኗ ውስጥ ያለችው ዋይድባንድ የሚሏት ኦክስጅን ሴንሰር ናት። አውራ ጣት የምታህል ብረት ናት፤ በጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ ተተክላ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት ወይም አንሶት እንደሆነ በቁጥር ትናገራለች።

የመንገዳችን ምክንያት ይህ ነው። የይልቃል መኪና ባለ ቱርቦ፣ ማለትም በጭሱ ኃይል እየዞረ ለሞተሩ አየር የሚነፋ መሣሪያ ያላት ናት፤ በኮንትራት ሰው ያመላልስባታል። ባለፈው ክረምት ቤንዚን አንሷት ዳገት ላይ ፒስቶኗ ቀለጠ። በሬ ሸጠን ሞተሩን አሠራን። ዳግመኛ እንዳይቀልጥ ሴንሰር ይገጠምላት ተባለ፤ የመጀመሪያውን የገጠመው ሰው ግን በሞተሩና በቱርቦው መካከል ተከለው። እዚያ እሳት ነው። ወር ሳይሞላው ተቃጠለ። ይህችን ሁለተኛዋን ዘመድ ከአዲስ አበባ አመጣልን። ሦስተኛ የለንም፤ የሚሸጥ በሬም የለንም።

«እማ፣ አንቺ ለምን ትለፊያለሽ? አረቄሽን እያወጣሽ ብትጠብቂኝ ምን ነበረበት?» አለኝ ገና ከከተማው ሳንወጣ።

«አረቄው አይሸሸኝም። አንተ መንገድህን እይ» አልኩት።

ማንኩሳ

ማንኩሳ ላይ ቁርስ ልንገዛ ቆምን። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ በየደጁ በርበሬ ተሰጥቶ ምድሩ ቀልቷል፤ ሽታው መኪና ውስጥ ድረስ ገብቶ ያስነጥሳል። የተቀቀለ ድንች በዳጣ የምትሸጥ ሴት ካርቶኗን አይታ ሳቀች።

«ምነው እታለሜ፣ እንቁላል ነው እንዴ እንዲህ ያቀፍሽው?»

«ከእንቁላል ይብሳል። እንቁላል ቢሰበር ዶሮዋ አለች።»

ቡሬ

ቡሬ የደረስነው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መካኒኩ መላኩ ይባላል፤ በሥራው የተመሰገነ፣ ጨዋታ የማያልቅበት ሰው ነው። የያዘውን መኪና እስኪጨርስ ብዙ አስጠበቀን፤ የእኛዋም ጨርሳ ቀዘቀዘች። አምስት ሰዓት ላይ ይልቃል አስነስቶ መኪና ከሥር ወደሚታይበት ጉድጓድ አፍ አስገባትና ወዲያው አጠፋት። መላኩ ከሥር ገብቶ አየ።

«ከቱርቦው በፊት ማን ተከለላችሁ? እዚያ ሙቀቱም ግፊቱም የበዛ ነው፤ ሴንሰር ውሸት ሲናገር ቆይቶ ይሞታል» አለ። ከቱርቦው መውጫ ጀምሮ በክንዱ ለካ። «ክንድ ተኩል ያህል ራቅ ብሎ፣ ጭስ ማጣሪያው ጋ ሳይደርስ። ቦታዋ ይህ ነው።»

ደስ አለኝ፤ ሰውየው ያውቃል። ቀጥሎም «ዕድለኞች ናችሁ፤ እዚሁ ላይ በቡሎን የተደፈነ አሮጌ ቀዳዳ አለ። ብየዳም አያሻም፤ በሩብ ሰዓት ትሄዳላችሁ» አለ። ይልቃል ፊቱ በራ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ባሕር ዳር የሚወስዳቸው ሰዎች ነበሩት።

እኔ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ጉድጓዱ ውስጥ ወረድኩ። ቀዳዳው ከቧንቧው ሆድ በታች ነው።

«አቶ መላኩ፣ ይህ እኮ ከታች ነው።»

«ምን አለበት እማማ? ቧንቧው ሲሞቅ ሁሉም ይደርቃል።»

«እስኪሞቅ ድረስስ ሴንሰሯ የት ትቆያለች?»

«እዚያው።»

«ውሃ ውስጥ ማለት ነዋ!»

ይልቃል ከላይ ሆኖ «እማ፣ በፈጠረሽ! ይህ የአረቄ ድስት አይደለም» አለ።

«ልክ እንደሱ ነው እንጂ» አልኩት። «አንተን ያሳደግኩህ በዚያ ድስት ነው። ትኩስ እንፋሎት በቀዝቃዛ መቃ ሲያልፍ ጠብ ጠብ ይላል፤ ጠብታው ደግሞ ወደ ላይ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። መኪናዋ ጧት በቁር ስትነሳ ቧንቧው ከመቃ በምን ይለያል? ቡሎኑን ፍቱትና እንይ።»

መላኩ እየሳቀ ቡሎኑን ፈታ። ጥላሸት ያጠቆረው ውሃ መጀመሪያ ጠብ አለ፤ ቀጥሎ መዳፉን ሞልቶ ወደ ክንዱ ወረደ። ሳቁን አቆመ። እጁን አሸተተና «ይህስ አረቄ ለጠላትም አይሰጥ» አለ። ከዚያ ለይልቃል አስረዳው፦ «ሴንሰሯ ውስጧ ሸክላ ነው፤ እየጋለች ነው የምትሠራው። በጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ጠብታ ቢያርፍ ቷ ትላለች። ቀዳዳው ተዘጋጅቶ ሳገኘው ቸኩዬ ነው። እናትህ ልክ ናቸው።»

ይልቃል ስልኩን አውጥቶ የባሕር ዳሮቹን ሰዎች «ዛሬ አልደርስም፤ ሌላ መኪና ፈልጉ» አላቸው።

ቧንቧው ወረደ፤ የታችኛው ቀዳዳ በብየዳ ተደፈነ። አዲሱ ከላይ በኩል ተበሳ፤ የቧንቧው ክብ የግድግዳ ሰዓት ቢሆን ወደ ሁለት ቁጥር ያዘነበለ፤ ሴንሰሯም እዚያ ተተከለች። ቧንቧው ሲመለስ መጋጠሚያውን እንዲያጠብቀው አደራ አልኩት። የመቃው አፍ በጭቃ ካልተመረገ አረቄው እንደሚበላሽ ሁሉ፣ በስንጥቅ አየር ከገባ ሴንሰሯ የሌለ ነገር ታወራለች። መላኩም «እማማ፣ ጋራዥ ይክፈቱ እንጂ፤ እኔ ተቀጥሬ እሠራለሁ» አለኝ።

መልስ

አሥር ሰዓት ላይ የመልስ ጉዞ ጀመርን። ዳገቱ ሲመጣ በሩን ጨበጥኩ። ይልቃል ነዳጁን ረገጠው፤ ቱርቦው ፉጨቱን ለቀቀ። መሪው አጠገብ የሚታየው የሴንሰሯ ቁጥር ወደ አሥራ አንድ ተኩል ወርዶ እዚያው ጸና። በዳገት ቁጥሩ ሽቅብ ከወጣ ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው፤ አልወጣም። ከዳገቱ ራስ ስንደርስ በሩን ለቀቅኩ።

ቤታችን ሳይመሽ ገባን። ይህ መንገድ ያስተማረኝ፣ የማላውቀውን ነገር በማውቀው ነገር በኩል መጠየቅ እንደሚቻል ነው። ሴንሰር የት እንደሚተከል ያየሁት የዚያን ቀን ነው፤ ጠብታ የት እንደሚወርድ ግን ዕድሜዬን ሁሉ ሳየው ኖሬአለሁ። ልጃችሁ ባለ ቱርቦ የሚነዳ እናቶች፣ ከቱርቦው በኋላ፣ ከማጣሪያው በፊት፣ ከላይ በኩል በሉ፤ አትፈሩ።

በማግሥቱ ጧት ቁሩ ከባድ ነበር። ይልቃል መኪናዋን አስነስቶ ወደ ኋላ ዞረና ጎንበስ ብሎ የጭስ ማውጫውን ጫፍ አየ።

«እማ፣ ነይማ! አረቄው መውረድ ጀመረ!»

«ቁጥሩስ?»

ሮጦ ገብቶ አየ። «ልክ ነው።»

«እንግዲያ በሰላም ሂድ» አልኩት፤ ከጎኑም አልተሳፈርኩም።