የኪስ ሰዓቶቹና የአባቴ መሐላ

ከምነግርህ ውስጥ ጥቂቱን ሳላዛባው አልቀርም። ክረምቱ መግቢያ ላይ ነበር ወይስ መውጫ፣ አንዷን ሰዓት ያገኘሁበት ገበያ የጃጁራ ነበር ወይስ የዳምቦያ፣ አሁን ለይቼ መናገር አልችልም። ሽታውን ግን አልተሳሳትሁም። መሳቢያዬ ውስጥ ያለችውን አሮጌ የኪስ ሰዓት የጀርባ ክዳን በጥፍሬ ፈልቅቄ ስከፍት፣ ከአረንጓዴው ዝገት ሥር ዛሬም የቆጮ ጉድጓድ ኮምጣጣ ሽታ ይወጣል። ሚስቴ ምንም አይሸትም ትላለች።

ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሌሞ ወዳለው የአባቴ ቤት እመለስ ነበር። የእጅ ሰዓት በየከተማው በመግባቱ የኪስ ሰዓት የተናቀ ዕቃ ሆኗል። ሲቆም ለሕፃን መጫወቻ ይሰጣል፤ አለዚያም ብር ሠሪው ክዳኑን አቅልጦ አምባር ያደርገውና የሆድ ዕቃውን ደጅ ይበትነዋል። እኔ በየገበያው እየዞርሁ በአሮጌ ሸሚዝ፣ በእስክሪብቶ፣ አንዳንዴም በልመና እሰበስባቸው ነበር። በበሩ በምትገባው የከሰዓት ብርሃን ተቀምጬ ስጠርጋቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ ድንገት ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር የሚሰማኝን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልቻልሁም።

ለአባቴማ ጨርሶ። አባቴ ጭሰኛ ነበር፤ በጸሎት ቤታችንም ሽማግሌ። የኪስ ሰዓት ለእርሱ የባለመሬቱ፣ የመልከኛው ዕቃ ነበር፤ መልከኛው ፈረሱ ላይ ሆኖ፣ ሰንሰለቱን ከኮቱ እየሳበ፣ «ገና ነው፤ ጎንበስ ብለህ ቆፍር» የሚልበት ዕቃ።

«የተማርኸው ይህን ለመልቀም ነው?» አለኝ አንድ ቀን። «የሰው ቀን የሚበላ አውሬ ቤቴ ውስጥ ታረባለህ!»

«የሚበላን ሰዓቱ ሳይሆን ሰውየው ነው፣ አባባ» ብዬ መለስሁለት። ከዚያ ወዲህ አንድ ገበታ ቀርበን እንኳ የምንነጋገረው በእናቴ በኩል ነበር።

እንዲህ ተኳርፈን ሳለን የመልከኛው ሰዓት ጠፋ። ሰዓት ለቃሚው ማን እንደ ሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። መልከኛው የታጠቁ ነጭ ለባሾቹን አስከትሎ ዳገቱን ሲወጣ እናቴ ከጓሮ አየችው። እኔን ሳትጠይቅ፣ ለአባቴም ሳትናገር፣ ሰዓቶቼን ሁሉ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ቀበረቻቸው። እንዳይወስዱብኝ ብላ ነበር። አባቴ ግን እጇ እስከ ክርኗ ቆጮ ሆኖ ጉድጓዱ አፍ ላይ አገኛት፤ የሚደበቅ ነገር ያለው የሰረቀ ሰው ነው ብሎም ደመደመ።

ነጭ ለባሾቹ አልጋውን ገለበጡ፤ እንስራውን ሰበሩ፤ ምንም አላገኙም። መልከኛው ከፈረሱ አልወረደም።

«ልጅህ ሌባ ነው» አለ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ የእንስራውን ስባሪ ይለቅም ጀመር።

«አፍህን ቆጮ ዘጋው? እንግዲህ ምረጥ፤ ወይ መሬቴን ልቀቅ፣ ወይ እሑድ እሑድ በምትጮኹበት በዚያ መጽሐፍ ላይ እጅህን ጭነህ፣ ልጄ አልወሰደም ብለህ ማል።»

«ጌታዬ፣ እኛ አንምልም። ቃላችን አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ነው።»

«እሱን ወንጌል ላስተማረህ ፈረንጅ ንገረው!»

ነጭ ለባሾቹ ሳቁ። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ፍርሃት ይሁን ጥላቻ እስከ ዛሬ አልለየሁም። «አልወሰድሁም» አልሁት በሀዲይኛ። «ዝም በል» አለኝ። ከዚያም፣ ወንጌል ከተቀበለ ጀምሮ ምሎ የማያውቀው ሰው፣ መጽሐፉን ከግድግዳው አውርዶ እጁን ጫነና በተሰባበረ አማርኛው፣ «ልጄ አልወሰደም፤ ከወሰደ እግዚአብሔር ከፊቱ ይጣለኝ» አለ። መልከኛው ደጃችን ላይ ምራቁን ትፍ ብሎ ሄደ።

መሬቱ ተረፈ። ጥቅሉን ከጉድጓድ ስናወጣው የቆጮው ውኃ መዘውሮቹን ሁሉ በልቷቸዋል። አባቴ አንድ በአንድ እያገላበጠ፣ «የእርሱ የቱ ነው?» አለኝ።

«የእርሱ እዚህ የለም!»

ለእርሱ ሁሉም አንድ መልክ ነበራቸው። «አንተን ለማዳን ነፍሴን ሰጠሁ፤ አሁንም ትዋሸኛለህ?» አለ። በሚቀጥለው እሑድ ከሽምግልናው ወረደ፤ ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። የጌታ እራት ሲዞር የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ሳይቀምስ፣ ቀና ብሎም ሳያይ ለጎረቤቱ ያሳልፈው ነበር። በሐሰት ምያለሁ እንዳለ ሞተ። እኔ የምለውን ከሞቱ በፊት አንድ ቀን እንኳ አላመነም።

መልከኛውም መልከኝነቱም ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ለሥራ ሆሳዕና ስሄድ የመልከኛውን ሴት ልጅ አፈላልጌ አገኘኋት። ጥያቄዬን ስትሰማ ተነሥታ ሰዓቱን አመጣችልኝ፤ ክዳኑ ላይ የአባቷ ስም ተቀርጿል። ነጭ ለባሾቹ ቤታችንን በፈተሹ በሳምንቱ፣ የአባቷ ካፖርት ሊታጠብ ሲወጣ፣ በተቀደደው ኪስ ሾልኮ ገበሩ ውስጥ ገብቶ ያገኘችው እርሷ ራሷ ናት። «ለአባትህ መልእክት ይላክለት ብንለው፣ ‹ተሳሳትሁ ብዬ ለጭሰኛ ልላክ?› አለን» አለችኝ። ለማረጋገጥ ወንድሟን ለብቻው ጠየቅሁት። እርሱም ያንኑ ነገረኝ። አባቴ የማለው በእውነት ነበር።