ፍላክስ ያስተማርኩበት ከሰዓት

የተያዝኩት ነቀምቴ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ተራ እየጠበቅሁ ሳለ ነው። በእጄ የፊዚክስ ሃንዳውት ነበር። ፖሊሶቹ የሚፈልጉት የተማሪዎችን የስብሰባ ጥሪ ያባዛውን ሰው ነበር። «ለአምስት ደቂቃ ነው፤ አንድ ጥያቄ ብቻ» አሉኝ። አምስቱ ደቂቃ ሰባት ሳምንት ሆነ። ጥያቄውን እስክወጣ ድረስ ማንም አልጠየቀኝም።

ክፍሉ ውስጥ አሥራ አራት ነበርን። አንድ የብረት በር አለ፤ ጥግ ላይ አንድ ሰማያዊ ባልዲ። በሩ ለሽንት ቤት የሚከፈተው ጠዋትና ማታ ብቻ ነው። ባልዲው ለሌሊት ነበር፤ በቀን፣ ሰው እያየ፣ ማንም አይጠቀምበትም።

የክፍሉ ተጠሪ አብረውን የታሰሩ አንድ የከተማው መምህር ናቸው። ሁሉም በኦሮምኛ «ባርሲሳ» ይላቸዋል፣ አስተማሪ ማለት ነው። እኔ የወሎ ልጅ ስለሆንኩ፣ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ይመለሱ ነበር። ያወጡት ደንብ ነበር፦ ከምሳ በኋላ እያንዳንዱ በተራው የሚያውቀውን ያስተምራል። በአራተኛው ቀን ተራው የእኔ ሆነ። እንዲደሰቱብኝ ስለፈለግሁ ጠዋቱን ሙሉ ስዘጋጅ አረፈድኩ።

ከግድግዳው ሥር ከአርጆ የመጡ ሽማግሌ ተኝተዋል። ተቅማጥ ከያዛቸው ሁለት ቀናቸው ነው። ባልዲውን ስናቀርብላቸው «በልጆቼ ፊት? አይሆንም» አሉ። ሆዳቸው ባዶ እንዲሆን ብለው ውሃ መጠጣት ትተዋል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

«ኦቦ፣ ውሃ ካልጠጡ እኮ ይሞታሉ» አሏቸው ባርሲሳ።

«ብሞት ተከብሬ ነዋ!»

ትምህርቴን ጀመርኩ። «ፍላክስ ማለት በአንድ ገጽ በኩል የሚያልፍ ነገር መጠን ነው። በሩን እንደ ገጽ ብንወስደው…»

«በሩ እንኳ ምንም አያሳልፍም» አለ ከጉቴ የመጣው የሬዲዮ ጠጋኝ። «ደግሞ ተሳስተሃል። ፍላክስ ብየዳ ላይ የሚቀባው ነው። ዝገቱን ያነሳልህና እርሳሱ እንዲይዝ ያደርጋል። ጣቴን ስንት ዓመት ያቃጠልኩበትን ነው የምታስተምረኝ?»

እንደገና አስረዳሁ። ባርሲሳ እጃቸውን አወጡ።

«በድሮ እንግሊዝኛ የሆድ መፍሰስ ማለት ነበር። ዛሬ ደግሞ የማይረጋውን ሁሉ ይሉታል፤ እንደኛ ነገር።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እንግዲያስ አስተማሪው እኔ ነኛ!» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም፤ ገና ወደ ቀመሩ እንኳ አልደረስኩም ነበር። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ሆዳቸውን ያዘው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ሮጬ በሩን ደበደብኩ።

«ሽማግሌ ታመውብናል፤ እባክህ ክፈትልን» አልኩት ጠባቂውን።

«ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው።»

«ኃላፊውስ?»

«ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«መቼ ያልቃል?»

«ሲያልቅ።»

አመሰግናለሁ አልኩት። ለምን እንዳመሰገንኩት አላውቅም።

ስመለስ ጠጋኙ ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ ዘርግቶ ጥጉ ላይ ሽማግሌውንና ባልዲውን ጋርዷል። ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል። «ቀጥል እንጂ!» ብሎ ጮኸ። «ድምፅህን ከፍ አድርግ፤ አልሰማም!» ሁለት እርምጃ አይርቀኝም። ሁለት ጊዜ አስረድቼው እንደገና ሊያስደግመኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። ባርሲሳ ደግሞ «ገጹ ቢያጋድልስ?» ብለው ጮኹ። አንዱ «የለም፣ ብየዳ ነው!» አለ፣ ሌላው «የለም፣ ወንዝ ነው!» አለ። ያን ጊዜ ገባኝ። ጀርባዬን ለጥጉ ሰጥቼ ቀመሩን እንደ መፈክር ጮኼ አነበነብኩት።

«ምንድነው ይሄ ጩኸት?» አለ ጠባቂው ከውጭ።

«ትምህርት ነው!» አሉ ባርሲሳ።

ከብርድ ልብሱ ኋላ ምንም አልተሰማም፤ የተሰማም ቢሆን አልሰማንም። ብዙ ቆይቶ ሽማግሌው ተደግፈው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። «ቢሻን» አሉ በዝግታ። ጠጋኙ ውሃውን ሰጣቸው። አንድ ኩባያ ጨርሰው ሌላ ጠየቁ።

ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመትን እንደገና እየተማርኩ ነው። ጓደኞቼ ስለ እስሩ ሲጠይቁኝ ስለ በሩ፣ ስለ ጠባቂው፣ ስለ ስብሰባው እያማረርኩ እነግራቸዋለሁ። ሽማግሌው ግን ያን ከሰዓት ለቤተሰባቸው እንኳ የተናገሩ አይመስለኝም። ስማቸውን እዚህ ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም።