አባባ ከወንበር የወረዱበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ ከሚሴ ከተማ መብራት ሲጠፋ እንደኔ ደስ የሚለው ሰው አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ጭጭ ይላል፣ እናቴ ኩራዟን ትለኩሳለች፣ እኛ ልጆች የከሰል ምድጃውን ከበን የአያታችንን አፍ አፍ እናያለን። አባባ ነበር የምንላቸው። ከመግሪብ እስከ ኢሻ ሰላት ያለችው ጊዜ የተረት ነበረች፤ ያኔ ከእሷ የሚበልጥ ነገር ዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባባ ለየእንስሳው ድምፅ ነበራቸው። አንበሳው ከደረታቸው ይወጣል፣ ጦጣዋ በጥርሳቸው መሃል ታፏጫለች፣ ጅቡ ደግሞ ይነፋነፋል። አንድ ክረምት ጉንፋን ያዛቸው። ለቀቃቸው ስንል ተመልሶ ጸናባቸውና አንበሳውም ጅብ፣ ጦጣዋም ጅብ ሆኑ። እኛ በሳቅ ፍርስ! እሳቸውም አብረውን ይስቁና ወዲያው ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይይዙ ነበር።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ቅንድባቸው መሃልና ጉንጫቸው ሥር ይወጋቸዋል፣ ከአፍንጫቸው ወፍራም ቢጫ ነገር ይወጣል፣ የላይኛው ጥርሳቸው ይጠዘጥዛቸዋል፣ ወጥ እያረረ እንኳ አይሸታቸውም። መቼም ጠያቂ ሁሉ ሐኪም ነው። አክስቴ ዘይነባ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣቻቸው። አልሆን ሲል «እንግዲያው ጥርሱ ነው፣ ይነቀል» አለች። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ከልጇ የተረፈ ካፕሱል ይዛ መጣች፤ ጥቂት ውጠው ሻል ሲላቸው ተዉት፤ ትንሽ ቆይቶ ትኩሳት ጨምሮ ባሰባቸው።

ከዚያ አባባ መስጊድ መሄድ አቆሙ። ቤት ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰግዱ ጀመር። ጉልበታቸው ደህና ነው፤ ሰንበቴ ገበያ ከብት ነድተው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ተረቱም ቀረ። አንድ ምሽት እኔ የተኛሁ መስሏቸው እናቴን ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ለሱጁድ ስወርድ ግንባሬ ሊፈነዳ ይደርሳል» አሏት። «ምን ባጠፋ ነው መሬቱ ግንባሬን አልቀበል ያለኝ?»

«ኧረ በአላህ አባቴ፣ እንዲህ አይበሉ!»

«ለማንም እንዳትናገሪ ብቻ።»

ብርድ ልብሱን ራሴ ላይ ሳብኩት። አንድ ሰላት ሲያልፋቸው አይቼ አላውቅም። እሳቸውን አላህ ካልተቀበለ እኛን ማን ሊቀበለን ነው እያልኩ አለቀስኩ።

በማግስቱ እናቴ እሺም እንቢም ሳይሉ ባጃጅ ላይ አወጣቻቸው፤ እኔም መሃል ገብቼ ተወሸቅሁ። ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለን ሐኪም የአገራችን ልጅ ነው፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እያቀላቀለ «አካም አባኮ! እንዴት ነዎት አባቴ?» ብሎ ተነሳላቸው። ጉንጫቸውንና ግንባራቸውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ። ከዚያም «ሲያጎነብሱ ይብስብዎታል?» አላቸው።

አባባ ክው አሉ። ዞረው እናቴን ገላመጧት። «ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል አባኮ? የበሽታው ጠባይ ነው። ሳይነስ ይሉታል። ብዙ ሰው ጎንበስ ሲል ይብስበታል። ትናንት አንድ ግንበኛ ብሎኬት ላነሳ ጎንበስ ስል ሞትኩ ብሎ መጥቶልኛል።»

«ግንበኛውንም?»

«ግንበኛውንም፣ አስተማሪውንም ያማል፤ እኔንም አሞኝ ያውቃል።»

አባባ በፎጣቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሐኪሙ ሕመሙ የጸናባቸው መስሎት «አብሽሩ አባኮ፣ አብሽሩ» አላቸው። ለምን እንዳለቀሱ እናቴና እኔ ብቻ ነበርን የምናውቀው።

ከዚያ አስረዳን። የፊታችን አጥንት ውስጥ ባዶ ክፍሎች አሉ፤ በራቸው ወደ አፍንጫ ነው። በጉንፋን ጊዜ በሩ ያብጥና ይዘጋል፣ ውስጥ የቀረው ፈሳሽም ይበላሻል። አብዛኛው ሰው ያለ ካፕሱል ይድናል፤ የአባባ ግን ሻል ካለ በኋላ ከነትኩሳቱ ስለባሰና ስለቆየ መድኃኒት ጻፈላቸው። የጎረቤቷን ካፕሱል ሲሰማ ተቆጣ። «የሰው መድኃኒት መዋጥ የሰው መነጽር ማድረግ ነው! ይኼን ደግሞ እንዳዘዝኩት ይጨርሱ፤ ዓይንዎ ካበጠ ወይም ከደበዘዘብዎ ሮጠው ይምጡ።» አፍንጫቸውን በጨው ውሃ እንዲያጥቡ፣ ከጭስም እንዲርቁ ነገራቸው።

«አፍንጫዬንማ በየውዱው አጥባለሁ» አሉ አባባ ትንሽ ቅር ብሏቸው።

«ያ ለሰላቱ፣ ይኼ ለሕመሙ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሁን።»

ዘይነባ ከባቲ የመጣ ጨው አድቅቃ አዘጋጀችላቸው፤ «እኔ ድሮም አፍንጫው ነው ብያለሁ» አለች ዓይኗን በጨው አጥባ። የመጀመሪያው ቀን ውሃው ትን ብሏቸው ቤቱ በሳቅ ደመቀ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሳቅነው ያኔ ነው። የከሰል ምድጃውም ለጭሱ ሲባል ከቤት ወጣ፤ እኛም ተከትለነው ግቢ ማምሸት ጀመርን።

አንድ ቀን ከሰዓት ዘንቦ አባርቶ ነበር። የመግሪብ አዛን ሲሰማ እናቴ ወንበሩን አወጣችላቸው። አባባ አዩት፤ በእግራቸው ገፋ አደረጉት። መስገጃ ይዛ ስትሮጥ በእጃቸው ከለከሏትና እርጥቡ መሬት ላይ ቆሙ። ለሱጁድ ወረዱ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። ዘይነባ «ያ ረቢ!» ብላ አፏን ያዘች። ከዚያ ቀና አሉ፣ ሰላታቸውን ጨርሰው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞረው አሰላመቱ።

«አመመዎት እንዴ አባቴ?» አለች እናቴ።

«ምን ያመኛል! አፈሩ ሸተተኝ፤ አልጠግብ አልኩ።»

አሁን የራሴ ልጆች አሉኝ። ሲያማቸው የት እንደሚያማቸው ብቻ ሳይሆን ምን መስሏቸው እንደፈሩም እጠይቃለሁ። ሰው ሕመሙን ብቻውን ሲተረጉመው ምን ላይ እንደሚደርስ በአባባ አይቻለሁ። ከተረቶቻቸው ግማሹ ጠፍቶብኛል። የዚያን ምሽት ዳግም ጀምረው የነገሩንን እንኳ አላስታውሰውም፤ ግንባራቸው ላይ የቀረውን ጭቃ ሳይ ነበር ያመሸሁት።