የፓምፑን ፍጥነት የጨመርኩት እኔ ነኝ

ሦስት የቡና ወቅት ሙሉ ይህን ለማንም አልተነፈስኩም። ለሚስቴም አልነገርኳትም፤ ለአላህም «ያው ታውቀዋለህ» እያልኩ አልፌዋለሁ። አንባቢዬ፣ አሁን ስማኝ።

ደዶ አካባቢ ባለ የእሸት ቡና ማጠቢያ የፓምፕ ሠራተኛ ነኝ። ፂሜ ነጭ ነው፤ ጉራዬ ግን ገና ለጋ። ድሮ ማብሪያውን ስጫን ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ይነሳል፤ ቧንቧው ይንቀጠቀጣል፤ መንደሩም «አባ ፊጣ ውሃ ለቀቀ!» ይላል። ኋላ ሂንዲያ የምትባል የጅማ ቴክኒሻን በጥልቁ ጉድጓድ ፓምፕ ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሳጥን ገጠመች። ሳጥኑ ሞተሩን ቀስ አድርጎ ያስነሳል፤ ጉድጓዱ የሚችለውን ያህል ብቻ ያስቀዳል። ግርግር የለ፣ ጩኸት የለ። ታዲያ እኔን ማን ያየኛል?

«አባ ፊጣ፣ ፍጥነቱን እንዳይነኩት። የጉድጓዱ ውሃ ከወረደ ፓምፑ አየርና አሸዋ ይስባል» አለችኝ።

ነካሁት። በዕለቱ ካልተፈለፈለ የሚሸት ቀይ ቡና ተከምሮ ሳለ ነካሁት። ለምን? እኩዮቼ «ሜ፣ እስቲ ንገረን አባ ፊጣ፣ ውሃህም እንዳንተ አረጀ እንዴ?» ብለው ስለሳቁብኝ! እስከ ጫፍ ጨመርኩት። ውሃው ተንፎለፎለ፤ ተጨበጨበልኝ፤ ደረቴን ነፋሁ። ብዙም ሳይቆይ ጭቃ መትፋት ጀመረ፤ ሳጥኑም ፓምፑን ለማዳን ራሱ አቆመው።

«የልጅቷ ሳጥን ተበላሸ» አልኩ። እኔ አልኩ። እኔ፣ ሴት ልጆች ያሳደግኩ ሰው!

ሂንዲያ መጥታ ስድቡን ሁሉ ጠጣችው። በሳጥኑ ስክሪን ላይ የጨመርኩትን ፍጥነት አየች፣ እኔን አየች፣ ፍጥነቱን መለሰች፤ ምናልባት ፂሜን አክብራ አላጋለጠችኝም። ጉድጓዱ አርፎ ውሃው ተመለሰ፤ ቡናውም ተረፈ። ማብሪያውን የተጫንኩት እኔ ነበርኩና የተመሰገንኩት እኔ ነኝ። ወላሂ፣ ምስጋናውን ተቀበልኩ!

ዘንድሮ የማጠቢያው ባለቤት የሆነው የገበሬ ማኅበር ሁለተኛ ጉድጓድ አስቆፈረ። ሂንዲያ በተቀመጠችበት ስብሰባ ላይ «የዚህች ልጅ ሳጥን ሁለተኛ እዚህ አይገባም» ተባለ። ያኔ ተነሳሁ።

«የነካሁት እኔ ነኝ! ሳጥኑ ባይኖር ሞተሩን አቃጥዬው ነበር።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ያዘዎት?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ምን ላድርግ፣ እኔም ቀስ ብዬ ነው የምነሳው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የአዲሱ ጉድጓድ ሥራ ለሂንዲያ ተሰጠ። ትናንት አዲሱን ፓምፕ ስታስነሳው ውሃው በዝግታ ወጥቶ ገንዳውን እስከ አፉ ሞላው፤ «ይህቺ ናት ባለሙያ!» ብሎ ከሁሉ በላይ የጮኸው የእኔ ጉሮሮ ነው።

እሷ ይቅር ብላኛለች። በእኔ ፋንታ የተሰደበችበትን ቀን ግን ማን ይመልስላታል? ሳቁብኝ አልልም፣ አረጀሁ አልልም። አውቄ ነካሁ፤ አውቄ ዋሸሁ። አንገቴን መድፋት ሲገባኝ ደግሞ ደስታ አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ለዚህም ይቅር በሉኝ።